በነጻ ያጠብኩት እግር

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ከሚሌኒየሙ በዓል ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ላሊበላ ላይ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ ነው የደረሰብኝ። ሰዎች «ወዳጅ ለወዳጁ ውለታ ሲሠራ ሊከፈለው ይገባል ወይስ አይገባም?» እያሉ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ደሜ የሚፈላው በዚሁ የተነሳ ነው።

ባለቤቴ ዓለሙ አናጢ ነው። ጌታነህ ደግሞ አብሮ አደጉ፣ የሠርጋችንም ዕለት አንደኛ ሚዜው ነበር። እንግሊዝኛ ስለሚቀናው አስጎብኚ ሆነ። ቤታችን ቤቱ ነው፤ እኔ ባልኖር እንኳ ድስት ከፍቶ በልቶ የሚሄድ ሰው ነበር።

በእኛ አገር ለገና ከሩቅ በእግሩ የመጣ ተሳላሚ ቤት ሲደርስ እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለውም። እናቴም ስታደርገው ያየሁት እንዲሁ ነው።

በአንድ ገና ጌታነህ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ይዞ መጣ።

«ዝናሽ፣ እነዚህ ወዳጆቼ ናቸው። የሆቴል ነገር ሰልችቷቸው የአገሩን ወግ አሳየን ብለውኝ ነው» አለኝ።

እንግዳ ናቸውና እግራቸውን አጠብኩ፤ አበላሁ። ሴትየዋ አቅፋ ሳመችኝ። ጌታነህም «ለማስታወሻ» ብሎ ጎንበስ ብዬ ሳጥብ ፎቶ አነሳኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አላቆመም። አንዳንዴ በሳምንት ሁለቴ፣ አራትም አምስትም «ወዳጆቼ» የሚላቸውን ሰዎች ያመጣል። በጾሙ ምስርና ሽሮ፣ በፍስኩ ዶሮ እሠራለሁ። ዶሮዎቼ በየተራ አለቁ። ውኃውን ከቦኖ ተሰልፌ ነው የማመጣው። እሱ ሲመጣ አንዳንዴ ሳሙና፣ አንዳንዴ ግማሽ ኪሎ ስኳር ጣል ያደርግና «በእኔና በእናንተ መሀል ምን አለ?» ይላል። እኔም እውነት ነው፣ ምን አለ እላለሁ።

ኅዳር ላይ ዓለሙ የሰው ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወልድያ ሆስፒታል የማደርስበት የመኪና ኪራይ እንኳ በእጄ አልነበረም። መጀመሪያ የሮጥኩት ጌታነህ ዘንድ ነው።

«ምነው በኖረኝ፣ እህቴ! ዘንድሮ እኮ የሚከፍል ቱሪስት የሚባል የለም» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

አምኜው እኔው አጽናናሁት። የጆሮ ወርቄን ሸጬ ባሌን አሳከምኩ። ዓለሙ በክራንች ተመልሶ ሳምንት ሳይሞላው ጌታነህ ስድስት ሰው ይዞ መጣ። የእነሱን እግር ሳጥብ የባሌ እግር በጀሶ ታስሮ እዚያው መደቡ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ሆቴል የምታጸዳ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ «አንቺ፣ ፎቶሽ እኛ ሆቴል ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?» ብላ ሳቀችብኝ። ሄጄ አየሁ። እውነትም እኔ ነኝ፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጎንበስ ብዬ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

ከኩልመስክ በቅርቡ ተዛውረው የመጡ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ መምህር ተፈራ ይባላሉ። ለምኜ ይዣቸው ወደ ሆቴሉ ተመለስኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ምን ይላል፣ መምህር?»

«እራት ከላሊበላ ቤተሰብ ጋር፤ የቤቱ እመቤት በባህሉ መሠረት እግርዎን ታጥባለች ይላል።»

«ሌላስ?»

«የአንድ ሰው ዋጋ በዶላር ተጽፏል። መሄድ የፈለገ ደግሞ ጌታነህን ይጠይቅ ይላል።» ትንሽ አመንትተው ጨመሩ፤ «ገንዘቡ ለቤተሰቡ መርጃ ይውላል የሚልም አለበት።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የዋጋው ነገር አልነበረም ያቃጠለኝ። ለቤተሰቡ መርጃ የሚለው ነው። ባሌ ከጣሪያ ወድቆ ሲያቃስት፣ በስማችን የተለመነው ገንዘብ በጌታነህ ኪስ ነበር።

ለዓለሙ አልነገርኩትም። ብነግረው ጠርቶ ይመክረዋል፤ እሱም ይምላል፣ ያለቅሳል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ደግሞ እንዲያልቅ አልፈለግሁም።

ሁለት ሳምንት አፌን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ጌታነህ ራሱ መጣ።

«ነገ እንዳታሳፍሪኝ፣ ዝናሽ። ስምንት ሰው ነው። መሪያቸው በየዓመቱ ቡድን የሚያመጣ ሰው ነው፤ ከወደደን ዓመቱን ሙሉ እኛ ዘንድ ነው።»

«እንኳን መጡ» አልኩት።

መምህሩ ዘንድ ሄጄ ያሰብኩትን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ከበዳቸው። በኋላ ግን «ያልሽውን ብቻ ነው የምናገረው፤ ከራሴ አልጨምርም» ብለው ተስማሙ። በነገታው ጋቢ አልብሼ ጥግ አስቀመጥኳቸው። ጌታነህን «አጎቴ ናቸው፣ ከኩልመስክ የመጡ» አልኩት። «እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ» ብሎ እጅ ነስቶ አለፋቸው። ዓለሙ ግራ ገብቶት ያየኛል።

እንግዶቹ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። ሳፋውንና ማንቆርቆሪያውን አመጣሁና መሀል ቆምኩ።

«ጌታነህ፣ እስቲ የምለውን ንገርልኝ። እስከ ዛሬ እዚህ ቤት የመጣን እንግዳ ሁሉ ያጠብኩት ለእግዜር ብዬ ነው በላቸው። ይሄ ሰው በእኔ ስም ገንዘብ እንደሚቀበላችሁ ግን አላውቅም ነበር በላቸው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ቶሎ ግን ራሱን ሰብስቦ ወደ እንግዶቹ ዞረና ፈገግ እያለ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ።

«ምን አላቸው፣ መምህር?» አልኩ።

መምህር ተፈራ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እናንተን ማገልገል ለቤተሰቤ ክብር ነው ትላለች ብሏቸዋል» አሉ። ከዚያም እኔ ያልኩትን በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ ነገሯቸው።

የቡድኑ መሪ ጌታነህን አንድ ነገር ጠየቀው። ዓለሙ ከመደቡ ላይ «ጌታነህ፣ እውነት ነው?» አለው። ጌታነህ መሬት መሬት ያያል።

ማንቆርቆሪያውን እጁ ላይ አስያዝኩት።

«ገንዘቡን የተቀበልከው አንተ ነህ። በል፣ እጠብ።»

«ዝናሽ፣ ስለ ማርያም...» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስለ ማርያም ብዬ ያጠብኩትን ነው የሸጥከው።»

ተንበረከከ። በነጩ ሸሚዙ፣ በደንብ በተተኮሰው ሱሪው። የመጀመሪያውን ሰው አጠበ፤ ሁለተኛውን አጠበ። አንዲት አሮጊት እግሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መሪው «ይተወው» አለ መሰለኝ። እኔ «ይቀጥል» አልኩ፤ መምህሩም ይቀጥል ትላለች ብለው ነገሩልኝ። ውኃው ሱሪው ላይ ይፈስሳል።

«ይብቃው፣ ዝናሽ» አለ ዓለሙ።

«አልበቃውም።»

ከአሮጊቷ በቀር ሁሉንም አጥቦ ሲነሳ ማንንም ሳያይ ወጣ። ከሱሪው የሚንጠባጠበውን ውኃ እንኳ አልጠረገም። እንግዶቹ ምንም አላጠፉምና ምግቡን አቀረብኩላቸው፤ ብዙም አልበሉም። መሪው ሲወጣ ብር መሶቡ አጠገብ አስቀመጠ። ተቀበልኩት። ለምን አልቀበል?

በሳምንቱ ፎቶዬ ከግድግዳው ወርዶ ነበር። ወሬው ከተማውን አዳረሰው፤ ጌታነህን የሚያሠራው ጠፋ። ክረምቱ ሳይገባ ቤተሰቡን ይዞ ወልድያ ገባ።

ዓለሙ ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳብኝ። «ለብቻው ጠርተሽ ብትነግሪው ምን ነበረበት?» አለኝ።

«እኔን ግድግዳ ላይ የሰቀለኝ ለብቻዬ ነው?» አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ያን ዓመት ሙሉ ማምሻውን በር ላይ ብቻውን ሲቀመጥ አየው ነበር።

ስለ ክፍያው ከተጠየቅሁ መልሴ ይኸው ነው። ጌታነህ መጀመሪያውኑ «ዝናሽ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ጀምሬያለሁና አግዢኝ» ቢለኝ ኖሮ ያለ ምንም ክፍያ ዓመቱን ሙሉ ባገዝኩት። ወዳጅ ነበራ! እሱ ግን ሲያተርፍ ነጋዴ፣ ስቸገር ድሃ ወንድም ሆነብኝ።

ባለፈው ዓመት እናቱ አረፉና አስከሬናቸው ለቀብር ወደዚሁ መጣ። ደግ ሴት ነበሩ፤ በአራስነቴ ገንፎ አገንፍተው አብልተውኛል። ዓለሙ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልጠፋም። የንስሐ አባታችን ቤቴ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ለሟች ብለሽ እንኳ ሂጂ፤ ይቅር በይው» አሉኝ። «እሺ አባ» አልኳቸው።

አልሄድኩም። በራችን ፊት ለፊት ለቀስተኛው ሲያልፍ ቆሜ አየሁ። ጌታነህም አየኝ። ጸጉሩ ሸብቷል። አንገቱን ሲደፋ ልቤ የሚራራ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ አልራራም። ገብቼ በሬን ዘጋሁ።