ከጆሮዬ የወጣው ጥጥ

ልጅ እያለሁ ጆሮዬ ይመግል ነበር። በትክክል ለመናገር ሁለቱም ይመግሉ ነበር፤ የግራው ይብሳል። የሀና ማርያም ሰፈር እኩዮቼ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ቤት የቀረሁት በዚህ ነው። ሰዎች ሲጠሩኝ ሰምቼ ስለማልዞር “ፈዛዛ ናት፣ ምን ትማራለች” ይሉኝ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ በጤና አዳም የታሸ ሞቅ ያለ ዘይት ታንጠባጥብልኛለች። እማዬ ደግሞ ሽታው እንዳያሳፍረኝ በላዩ ጥጥ ትወትፋለች። የጤና አዳም ሽታ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ትኩሳት ሲጨመርበት ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ጥጡን በመቆንጠጫ ስባ አወጣች።

“ይሄን ማን ወተፈው?”

“እኔ ነኝ ሲስተርዬ። እንዳይሸት ብዬ።”

“መግሉስ በየት ይውጣ፣ እናት? በአፍንጫዋ?”

ይህን በኋላ እማዬ ናት የነገረችኝ፤ ያኔ የማየው ከንፈራቸውን ብቻ ነበር። ሲስተሯ መብራት ያላት ትንሽ መሣሪያ ጆሮዬ ላይ አድርጋ ካየች በኋላ እማዬንም እንድታይ ጠራቻት። እማዬ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ያየችው የጆሮዬ ታምቡር ላይ ያለውን ቀዳዳ ነበር። ቀና ስትል ፊቷ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም የማውቀው ፊት ነበር።

“ይደፈናል?”

“ከደረቀ ብዙ ጊዜ ራሱ ይደፈናል።”

ዘይቱም ውታፉም ቀረ። ሲስተሯ እንዳሳየቻት እማዬ አሮጌ ነጠላዋን አጥባ ቆራረጠች። በቀን አራቴ ቁራጩን ጠቅልላ ጫፉን ጆሮዬ ውስጥ ቀስ አድርጋ ታስገባለች፤ ሲርስ ትጥለዋለች፣ ደረቅ እስኪወጣ በሌላ ትደግማለች። የታዘዘው ጠብታ ከዚያ በኋላ ነው። ገላዬን ስታጥበኝ ብቻ ውሃ እንዳይገባ ቫዝሊን የነካ ጥጥ በጆሮዬ አፍ ታደርጋለች፤ ስትጨርስ ታወጣዋለች።

ከሳምንታት በኋላ ደጃፍ ተቀምጬ ባቄላ ስፈለፍል ከኋላዬ አንድ ነገር ሲንሿሿ ሰማሁና ዞርኩ። ባሕር ዛፉ ነበር። ዛፍ ድምፅ እንዳለው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እጄ ባቄላው ላይ እንደቆመ ቀረ። እማዬ ከበር ሆና ስታየኝ ኖሮ በሹክሹክታ ስሜን ጠራች።

“አቤት” አልኳት።

በመስከረም አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ከክፍሉ ረጅሟ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ የምንኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሰሞኑን የእህቴ ሕፃን ጆሮዋን እየጎተተች ስትነጫነጭ በዚያው ቀን ሐኪም አየልን፤ ጥጥ ያነሳ ሰው የለም። የድሮው ደጃፋችን ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ ቆይቷል። የእማዬ ጆሮም በእርጅና ደክሟል። ከኋላዋ ሆኜ አልጠራትም፤ ዞሬ ፊቷ እቆምና ከንፈሬን እስክታይ እጠብቃለሁ።