ጢማሞቹ የወለዱበት ሣር

ሲቴያ በብዙ ሰው ቀንታለች፤ አጥብቃ የቀናችው ግን በዊልደቢስቶች፣ በእነዚያ ላም መሰል የሜዳ እንስሳት ነው። እኛ ጢማሞቹ ነው የምንላቸው። ዝናቡ ከሎይታ ኮረብታዎች በታች ያለውን ሜዳ ባረጠበ ቁጥር ከምዕራብ ይመጣሉ፤ አጭሩንና ጣፋጩን ሣር ይወርሱና በአንድ ሰሞን ተያይዘው ይወልዳሉ።

እነሱ ሲመጡ እኛ እንነሣለን። ግልገሎቻቸው በተወለዱበት ሣር ላይ የጋጠች ላም ዓይኗ ነጥቶ እንደምትሞት የማያውቅ የለም። ስለዚህ ከብቶቻችንን ወደ ኮረብታው እንነዳለን፤ እንደ ገመድ ተላምጦ ወደማያልቀው ሣር። ግልገሎቹ ነጣ ያለውን የልደት ጠጉራቸውን ጥለው እስኪጠቁሩ እዚያው እንቆያለን። ከዚያም በኋላ ቢሆን አሮጊቶች ወደ ሜዳው ጫፍ ወርደው በዓይናቸው የሚፈልጉት መጨረሻ የተወለደችውን ግልገል ነው። እሷ ካልጠቆረች ማንም አይወርድም።

ሌላው ሰው ይህን እንደ ፀሐይና እንደ ነፋስ ተቀብሎት ይኖራል። ሲቴያ ግን ከኮረብታው ላይ ቆማ ቁልቁል ስታያቸው ፊቷ ይለወጥ ነበር።

"እዩዋቸው" ትል ነበር። "ቤት አይመርጉ፣ ውሃ አይቀዱ፣ ማንንም ደጅ አይጠኑ። ሁሉም እናት።"

እሷ አልወለደችም። ፓርሙዋት ሲያገባት ገና ልጅ እግር ነበረች። ቤቷን በእበት ስትመርግ እንደ እሷ የሚያሳምር አልነበረም፤ ቅሎቿም የንጹሕ ጭስ ሽታ ነበራቸው። ዓመታት አልፈው ልጅ ሳይገኝ ሲቀር ፓርሙዋት ሬሲያቶን ሁለተኛ ሚስት አድርጎ አመጣ። ሬሲያቶ በዓመቱ ወለደች፤ ደገመችም። ሁለቱንም ጊዜ እትብት የቆረጠችው ሲቴያ ናት። ቆርጣ፣ አጥባ፣ ሕፃኑን ለእናቱ አስታቅፋ፣ ወደ ቤቷ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች።

ቅናቷን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ድምፅ ነበረው። ሬሲያቶ ልጆቿን እሹሩሩ ማለት ስትጀምር ሲቴያ ፍየሎቿን መቆጣት ትጀምራለች። ፍየሎቹ ቆመው ያመሰኳሉ፤ እሷ "ሂድ! ዞር በል!" እያለች ዱላዋን ታወዛውዛለች። የሬሲያቶ ልብስ ትከሻው ላይ የሚቀረውን የጡት ወተት ሽታ ከሩቅ ትለየዋለች፤ ያ የሸተታት ቀን እራት አትበላም። ሬሲያቶ ክፉ ብትሆን ይቀላት ነበር። ሬሲያቶ ግን ክፉ አልነበረችም።

ሦስተኛውን ስታረግዝ፣ ይህ ልጅ ለሲቴያ ቤት ይሁን ብላ ለፓርሙዋት የነገረችው ራሷ ሬሲያቶ ናት። ልማዳችን ነው፤ የወለደች ላልወለደች ጣውንቷ ልጅ ትሰጣለች፤ ልጁም ጡት ሲተው ተቀባይዋ ዘንድ ይገባል። ፓርሙዋትም እሺ አለ። በልማዱ መሠረት ስም በሚወጣበት ቀን ተቀባይዋ ከገዛ ላሟ የታለበ አንድ ሙሉ ቅል ወተት ይዛ ትመጣለች። እናቲቱ በሽማግሌዎች ፊት ትጠጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ የዚያ ቤት ነው። ከሌላ ሰው ላም የታለበ አይሆንም፤ ወተት የሌለው ቤት ልጅ አይሰጠውም።

ሲቴያ የዚያን ጊዜ አንዲት ጥገት ብቻ ነበረቻት፤ ሌሎቹን ያለፈው ድርቅ ጨርሶባታል። ቀይዋ ላም ትባላለች። በኮረብታው ሣር ላይ ወተቷ እየቀነሰ ሄዶ ለጥጃዋም የማይበቃ ሆነ። የሬሲያቶ ሆድ ሲገፋ የሲቴያ ቅል ደግሞ ይቀልላል።

ምንጩ ዳር አንድ ቀን ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ፣ ኖልማሪ የምትባለው ምላሰኛ ጎረቤታችን ቅሏን አይታ፣ "ሲቴያ፣ በስሙ ቀን የዝናብ ውሃ ቀድተሽ ልታመጪ ነው እንዴ?" አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ሬሲያቶ አልሳቀችም፤ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ወደ ሲቴያ ተጠጋችና፣ "እትዬ፣ ከእኔ ላም ጨምሪበት። ማን ያያል?" አለቻት ቀስ ብላ።

ሲቴያ ማሰሮዋን አነሣች። "ያንቺን ልጅ ባንቺ ወተት ልቀበል? ታዲያ የኔ ምኑ ነው?"

በማግስቱ ማለዳ ጥጃዋን ቤት አስራ፣ ቀይዋን ላም ብቻዋን ወደ ሜዳው ነዳቻት። እንጨት ልሰብር ነው ብላ ነበር የወጣችው። በሜዳው ጫፍ ያሉት ጢማሞች ግልገሎቻቸው ጠቁረው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ላሚቱ አንገቷን ደፍታ ለምለሙን ሣር ስትነጭ ሲቴያ ራሷ የበላች ያህል ጠገበች። ከዚያ ቀና ስትል፣ አብረዋቸው ከሚግጡት የሜዳ አህዮች ኋላ፣ ከአንዲት ጢማም እግር ሥር አንዲት ትንሽ ነጣ ያለች ነገር አየች።

ሚዳቋ ናት አለች ለራሷ። ሚዳቋም እንዲያ ዓይነት መልክ አላት። ፊቷን ወደ ላሟ መለሰች።

በየማለዳው ወረደች። የቀይዋ ጡት ሞላ፤ ወተቱ ቅሉ አፍ ላይ አረፋ ደፈቀ። ሲቴያ ወደ ቤቷ የምትሄድበት መንገድ በሬሲያቶ ደጅ በኩል ሆነ፤ በዚያ በኩል ግን ይረዝማል። ለጥቂት ሳምንታት የሚቀናባት ሴት እሷ ሆነች። ኖልማሪ እንኳ፣ ላሚቱ ምን እንደምትበላ ጠየቀቻት።

ሬሲያቶ ሴት ልጅ ወለደች። እትብቱን የቆረጠችው ሲቴያ ናት፤ በዚያ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም።

ስም ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ቀይዋ ላም እንባ ማፍሰስ ጀመረች። ከዚያ አፍንጫዋ ተዝረከረከ፤ ዓይኗን እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ጋረደው። ፓርሙዋት መጥቶ አንገቷን ቀና አደረገና ዓይኗን አየ።

"የት ነበር የምትግጠው?"

ሲቴያ በአገጯ ወደ ታች አሳየችው። "ግልገሎቹ ጠቁረው ነበር።"

"ሁሉም?"

የላሚቱን ጀርባ እየዳበሰች፣ "አንዷ ሚዳቋ መስላኝ ነው" አለች።

"ሚዳቋ" አለ ፓርሙዋት። የላሚቱን አንገት ቀስ አድርጎ መልሶ አስተኛው። በነጋታው ሞተች።

ስም የሚወጣበት ቀን ሲቴያ ቅሏን አጥባና አጥና፣ ባዶውን ይዛው መጣች። ብትቀር ሬሲያቶ አሸነፈችኝ ማለት ይሆንባት ነበር። ሽማግሌዎቹ ከእሾህ አጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ያኔ ለሥርዓቱ ራሷን የተላጨችው ሬሲያቶ ሕፃኗን ለኖልማሪ አቀበለችና፣ ባዶውን ቅል ከሲቴያ እጅ ወስዳ ወደ ገዛ ዝንጉርጉር ላሟ ሄደች። ሁሉም እያያት አለበች።

አንደኛው ሽማግሌ ይህ የሲቴያ ላም ወተት አይደለም አሉ።

"ላሚቱን ሰጥቻታለሁ አባቴ" አለች ሬሲያቶ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ። "አሁን የማን ናት?"

ሽማግሌው ወደ ፓርሙዋት ዞሩ። ፓርሙዋት መሬት መሬቱን እያየ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሬሲያቶ ጠጣች፤ ሕፃኗም ሲላንቶይ ተባለች፣ የሲቴያ ልጅ።

ሲቴያ ስለዚያ ቀን ስታወራ ምስጋና አይቀድማትም። "መስጠት እንኳ የምትችለው እሷ ናት" ትላለች። "እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር።" ይህን ያለችው በምሬት ነው፤ ደግሞም እውነቷን ነው።

ሲላንቶይ ጡት ከተወች ጀምሮ የምታድረው በሲቴያ ቤት ነው። እማ የምትለው ሲቴያን ነው፤ የወለደቻትን እትዬ ትላታለች። ዘንድሮም ጢማሞቹ መጥተው እኛ ወደ ኮረብታው ወጥተናል። አመሻሽ ላይ ሲቴያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ታች ሜዳው ላይ ያሉትን ግልገሎች ታሳያታለች፤ የመጨረሻዋን ግልገል ፈልጊያት ትላታለች። ልጅቷ በጣቷ እየጠቆመች እማ፣ እማ ትላለች።

ትናንት ይህን ሲሉ ሬሲያቶ ከምንጩ ውሃ ተሸክማ መጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ልጅቷ እማ ስትል ሰማች። ከዚያ ማሰሮዋን አስቀመጠችና ፍየሎቿን መቆጣት ጀመረች።

ሲቴያ ድምፁን አወቀችው። ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች። ልጅቷን ወደዚያ ልትልካት ክንዷን ላላ አደረገች፤ ግን መልሳ አጠበቀችው።

ፍየሎቹ ቆመው ያመሰኩ ነበር።