አለሁ ባይ ተከላካይ

ተከላካይ ሆኖ የኖረ ሰው የሚያሳየው ቪዲዮ የለውም። አጥቂ የሆነ ጎረምሳ ሁሉ ያገባቸውን ጎሎች አቀጣጥሎ፣ ሙዚቃ ጨምሮበት ያሳይሃል። እኔ ምን ላሳይ? ያልገቡትን? መጀመሪያ ሱዳን፣ ከዚያ ኦማን፣ እንደገና ሱዳን እያልኩ በየታችኛው ዲቪዚዮን የሰው ኳስ ስመልስ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ጎል ያገባሁት አንዴ ነው፤ እሱንም በራሳችን መረብ ላይ። ስለሱ ባናወራ ደስ ይለኛል። አንድ ቪዲዮ ብቻ አለኝ። የቀረፀው ደጋፊ ነው፤ ያባቴን ቤት ሊያሳጣኝ የነበረ ቪዲዮ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ያደግሁት ከወረታ ወጣ ብሎ በቁሐር ሚካኤል በኩል ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይሆናል፤ መንገዱ የቱ ጋ እንደነበር የለመደ እግር ብቻ ነው የሚያውቀው። አባቴ ቄስ ናቸው። ለቅዳሴ ሲሄዱ እኔን ያስከትሉና በመቋሚያቸው ውሃውን እየለኩ ይቀድማሉ። ወደ ኋላ ዞር አይሉም፤ ዞር ያለ ሰው እግሩን ይስታል። ትንሽ ሄድ ይሉና «አለህ?» ይላሉ። እኔም ከኋላ «አለሁ!» እላለሁ። ድምፄ ቀጠን ካለ ይቆማሉ። «ምነው፣ ድምፅህን እንቁራሪት ወሰደው?» ይሉኛል። ያን ውሃና ያን ጥሪ እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ሩዙ ሲታጨድ ደግሞ በባዶው ማሳ ላይ ኳስ እንጫወት ነበር። ከታጨደው የቀረው አገዳ እንደ ወስፌ ይወጋል። የውጭ አሠልጣኞች ሁሉ «አንተ ለምንድን ነው ተንሸራተህ ኳስ የማትነጥቀው?» እያሉ ይነዘንዙኝ ነበር። የፎገራን የሩዝ አገዳ ቂጡ ያላየው ሰው ምን ያውቃል! እኔ ቆሜ ነው የምነጥቀው። ቆሜ ተምሬ ቆሜ ጨረስኩ።

የመሐል ተከላካይ ሥራው ያው የክረምቱ መንገድ ነው። ጓደኛህ ኳስ ሊቀማ ወደፊት ሲወጣ ከኋላው ሰው መኖሩን ማወቅ አለበት። ስለዚህ «አለሁ!» እላለሁ። ኳስ በአየር ሲመጣም፣ ለበረኛው «ተወው፣ የኔ ነው» ለማለት «አለሁ!» ብዬ ነው የምዘለው። ወረታም ሆነ ባሕር ዳር ስጫወት ይኼ ማንንም ገርሞት አያውቅም።

ሱዳን ስገባ ግን ጉድ ፈላ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከማዕዘን የተመታ ኳስ መጣ፤ ካንጀቴ «አለሁ!» ብዬ ዘልዬ በግንባሬ ገጨሁት። በረኛችን እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «አላሁ!» ብሎ ተቀበለኝ። የኔ «አለሁ» ለነሱ ጆሮ የፈጣሪ ስም ሆኖ ቁጭ አለ! ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ደጋፊው ለመደው። ኳስ ወደኔ በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ ሰው አብሮኝ ይጮኻል። እውነቱን ልናገር? ደስ ይል ነበር። ወረታ እያለሁ ለተከላካይ ማን ጮኾ ያውቃል?

ለበረኛው በተሰባበረ ዐረብኛዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «እዚህ ነኝ ማለት ነው፤ በኛ ቋንቋ» አልኩት። ሣቀና ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «እሱም እኮ እዚሁ ነው» አለኝ። ደግ ሰው ነበር። የነሱን ሥጋ እንደማልበላ ካወቀ ጀምሮ፣ ካምፕ በገባን ቁጥር ወጥ ቤት ዘልቆ ፉሌን በሰሊጥ ዘይት ራሱ ያሽልኝ ነበር። አሁን ያን ከተማ ጦርነት በልቶታል። ስልኩ አይነሳም። የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ናፍቆኛል።

ቪዲዮው የተቀረፀው ያን ጊዜ ነው። ዳኛ አንገት ላይ ክር አስሮ መግባት ስለሚከለክል፣ ማተቤን ፈትቼ አንጓዬ ላይ እጠመጥመውና በፕላስተር እሸፍነው ነበር። ይህ በቪዲዮው አይታይም። የሚታየው አንገቱ ባዶ የሆነ የቄስ ልጅ «አላሁ» እያለ ሲዘል፣ ስታዲየሙም አብሮት ሲያስገመግም ነው። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ወረታ ደረሰ። ለወረታ ገበያ የወጣ ሰው ደግሞ ከጨውና ከሳሙናው ጋር ወሬ ሳይቋጥር አይመለስም። ሳይውል ሳያድር እስከ ይፋግ ድረስ «የቄሱ ልጅ ሰለመ» ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ ከሁሉ በኋላ ሰማሁ።

ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ጠብ የለንም፤ ለቅሶውም ሰርጉም አብረን ነው። ግን የቄስ ልጅ ነኝ። ልጃቸው ሃይማኖቱን ለወጠ ከተባለ አባቴ በምን ፊታቸው ሰው ያሳልማሉ?

እናቴ እያለቀሰች ደወለች። «ልጄ፣ እውነት ነው?»

«ኧረ በሚካኤል! አለሁ ነው ያልኩት እማዬ፣ አለሁ!»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ሆኖ ነው አብሮህ የሚጮኸው?»

አባቴን እንድታገናኘኝ ለመንኳት።

«ደህና ነህ?» አሉኝ አባቴ።

«አባባ፣ የሚወራው ውሸት ነው፤ እኔ እኮ...»

«በል በርታ። ራስህን ጠብቅ» ብለው ስልኩን ለናቴ መለሱላት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዳ ስገባ አፌ ተሳሰረ። ዝም ብዬ ስጫወት ከበረኛው ጋር ተላተምንና ጎል ገባብን። አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ «ጸሎትህን የት ጣልከው!» እያለ ጮኸብኝ። እኔ የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባቴ ከደጃቸው ይመልሱኝ ይሆን?

ፋሲካ አልፎ፣ ሊጉ ሲዘጋ መጣሁ። ከወረታ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ ማተቤን ከሸሚዜ ላይ አውጥቼ እንደ ሜዳልያ አንጠልጥዬዋለሁ። «ለማስመሰል ያሰረው ነው» ቢሉኝስ እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። ሜዳው ደርቋል፤ ከብቱ እንደ ድሮው በየሜዳው ተበትኗል፤ አገሬ አንዲት ነገር አልተለወጠባትም። ግቢ ስደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ተቀምጧል። አባቴ ተነሡ። ከሩቅ በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ መስቀል አሳልመውኝ ነበር የሚያቅፉኝ። ያን ቀን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደድ አደረጉና ባዶውን መለሱት። ከዚያ ሳያሳልሙኝ አቀፉኝ።

አረፍ ሳልል በግ ቀረበ። ሌላ ጊዜ የሚያርድልን ጎረቤታችን ነው። አባቴ ግን ቢላዋውን ከሰውዬው እጅ ተቀብለው ለኔ ሰጡኝ።

«በል፣ ባርከህ እረድ።»

እኛ ዘንድ ሥጋውን የክርስቲያን ወይም የሙስሊም የሚያደርገው የባረከው አፍ ነው፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም። ሁሉም ጆሮውን ወደኔ አቀና። በግራዬ የበጉን አንገት ይዤ በስታዲየም ድምፄ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ!» ብዬ አምባረቅሁ። የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አንዲት አሮጊት «ኸረ ቀስ በል አንተ፣ በጉ ደንቆሮ አይደለም!» አሉኝ፤ ግቢው በሣቅ ፈረሰ። አባቴ ያን ጊዜ መስቀላቸውን አወጡ። ግንባሬን፣ ከንፈሬን፣ እንደገና ግንባሬን አሳለሙኝ።

ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ሲበተን አባቴን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ቪዲዮውን አይተውት ነበር?»

«ወረታ ወርጄ አየሁት። ያ ሁሉ ሰው ይጮኻል፤ ያንተን ድምፅ ከየት ልለየው? እውነት ይሁን ውሸት ማወቅ አቃተኝ።»

«ታዲያ ስመጣ ለምን አላሳለሙኝም?»

«ፈራሁ። መስቀሉን እምቢ ብትለኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንተም እኔም ምን እንሆናለን? ቢላዋ ግን እምቢ አይባልም። በመሰለህ ትባርካለህ።»

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከአጥሩ ሥር ሌላ በግ ታስሮ ሣር ይግጣል፤ የሰባ፣ ጥቁር ሙክት። አባቴ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል።

«ይኼስ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የኛ ሊሆን ነበር» አሉ። «በዚያኛው፣ በሙስሊሙ ብትባርክ የመጀመሪያው በግ ላንተ ይሆናል፤ ይኼን ደግሞ ጎረቤታችን ለኛ ያርደዋል፤ በአንድ ግቢ ሁላችንም እንበላለን ብዬ ሁለት ገዛሁ።»

«ሰለመ ብለው አምነው ነበር ማለት ነው? አምነውም በግ ገዙልኝ?»

አባቴ ተቆጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲቆጡኝ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«ታዲያ ካባትህ ቤት ጦምህን ልትወጣ ኖሯል?»