የጋሽ ሙሉጌታ ኢመርጀንሲ ኮንታክት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ... አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን፣ እኔ ያለሁበት አፓርትመንት ውስጥ፣ ከበላዬ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። ከረባት አስረዋል። ደንዉዲ የሚባለው ሰፈር የልብ ሐኪም ቀጠሮ እንዳላቸው፣ ልጃቸው ሰላም እዚያ እንደምትጠብቃቸው ነግረውኝ፣ ካላስቸገርኩህ አድርሰኝ አሉኝ። ሥራ ቦታ ደውዬ እንደማረፍድ ተናገርኩና ይዣቸው ሄድኩ።

ነገሩን የነገሩኝ መንገድ ላይ ነው። ሰላም እዚሁ አትላንታ ተወልዳ ያደገች አንድ ልጃቸው ናት። ሥራዋ በኮምፒውተር ስለሆነ የትም ሆና መሥራት ትችላለች፤ ጠቅልላ ፖርቱጋል ልትገባ ነው። ለሽርሽር አይደለም... ቤቷን ለቃለች፣ መኪናዋን ሸጣለች፣ የመኖሪያ ፈቃዷም ወጥቷል። አብረን እንሂድ ብላ እሳቸውንም ለምናቸው ነበር።

«እኔ ሁለት ጊዜ አልሰደድም» አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ክሊኒክ ስንደርስ ሰላም ፎርሙን ተቀብላ መሙላት ጀመረች። ኢመርጀንሲ ኮንታክት የሚለው ጋ ስትደርስ፣ አባቷ አንድ ነገር ቢሆኑ የሚደወልለት ሰው ማለት ነው፣ እንደለመደችው የራሷን ስም ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ... ስሟን ሰረዘችው።

ቀና ብላ፣ ያንተን ብጽፍ ቅር ይልሃል ወይ አለችኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ አንገታቸውን አስግገው የተሰረዘውን ስሟን አዩት።

«ዳዲ፣ አንተም እኮ አባትህን ትተህ ነው የመጣኸው።»

«አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ስመጣ ግን አባቴ አጠገብ ሌሎች አምስት ልጆቹ ቀርተው ነበር።»

ሰላም ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እሳቸው ግን ያሉት ለመውቀስ አልነበረም፤ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳርፈው ቆዩ። አትሂጂ እንዳላሏት፣ እንዲያ የሚሉበት አፍም እንደሌላቸው ነገሯት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ? የምትሄድበት አገር አለ?»

አትላንታ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«የትም አልሄድም፣ ጋሼ» አልኩ። እውነት ይሁን አይሁን በዚያ ሰዓት ራሴም አላውቅም ነበር... ካልኩ በኋላ ግን እውነት ሆነ።

ፎርሙን ከሰላም ተቀብለው ስሜንና ስልኬን ራሳቸው ጻፉ። ዝምድና የሚለው ላይ የቤተሰብ ወዳጅ በል ብትላቸው እንቢ አሉ። «ጎረቤት» ብለው በትልልቁ ጻፉ።

ሐሙስ ዕለት ሰላምን ኤርፖርት ያደረስናት እኔና እሳቸው ነን። አባቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። ቤት ተመልሰን ፓርክ ሳደርግ አመሰገኑኝና የብረቱን ድጋፍ ይዘው ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡ። በራቸው እስኪዘጋ ታች ቆሜ አዳመጥኩ።

ድሮ የማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ አላነሳም ነበር... አሁን ሥራ ላይም ብሆን አነሳለሁ።