ሳይጫን የቀረው ሃያ ሰባት ቁጥር

የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ የተሰጠኝ መሣሪያ የጫማ ብሩሽ ነበር። አለቃዬ ዴቭ የሚባል ወሬ የማይወድ ሽማግሌ ነው። አርባ ጥንድ ጭቃ የበላው ታኬታ ፊቴ ደረደረና «እስከ ምሳ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ነው፣ አንድ ቦታ መርጋት አልችልም። እየተነሳሁ፣ እየተቀመጥኩ፣ እየተቁነጠነጥኩ ከምሳ አንድ ሰዓት በፊት ጨረስኩ። ዴቭ መጣና አንዱን ጫማ ገልብጦ፣ ከሥሩ ከጉጦቹ መሃል በጥፍሩ ጭቃ ፈልፍሎ አሳየኝ። «ፈጣን ነህ፤ ጎበዝ ግን አይደለህም» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሰውየው ግን ልክ ነበር፤ አርባውንም እንደገና ጀመርኩ።

ከዚያ በፊት ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ የሚባለው ሰፈር፣ ዌርሃውስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭን ነበር። እህቴ ስፖንሰር አድርጋኝ ካናዳ ከመጣሁ ያኔ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አገር ቤት ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በግራ ተከላካይነት ተጫውቻለሁ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ምሳ ስንበላ አንድ ወዳጄ «ኳስ ቤት ዕቃ የሚያጥብና የሚሸከም ሰው ይፈልጋሉ» ሲለኝ ጉርሻዬን ሳልውጥ ተነሳሁ። በማግስቱ ሺፍቴን ትቼ ሄድኩ።

ክለቡ ቶሮንቶ ውስጥ የነበረ፣ ከዋናው ሊግ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ትንሽ ፕሮፌሽናል ክለብ ነው። ዛሬ ፈርሷል፤ ስሙንም አልጠራም። ላይ ባለቤቱ አለ። ቀጥሎ ዋና አሰልጣኙ፣ ምክትሉ፣ የቡድን መሪውና ወጌሻው ይመጣሉ። ከዚያ እኛ የዕቃ ክፍሎች። ከእኛ በታች ያለው ሣሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ሠራሽ ነበር።

ማሊያ የሚታጠበው ተገልብጦ ነው፣ ቁጥሩ እንዳይሰነጠቅ። ውሃው ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም። አዲስ ቁጥር የሚለጠፈው በሙቀት በሚጫን ማሽን ነው። ከአንገቱ ሥር አራት ጣት ለክተህ ታስቀምጣለህ፣ ክዳኑን ትጫናለህ፣ እስከ ሃያ ትቆጥራለህ። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለህ። ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት በትኩሱ ከላጥከው ጠርዙ ይነሳል። ከሥራው ሁሉ እኔን ያንገሸገሸኝ ይሄ መጠበቅ ነበር። ስንቱን ማሊያ አበላሽቻለሁ!

ለጉዞ ስንወጣ እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥሩ የተጻፈበት የመረብ ከረጢት አለው። ማሊያው፣ ቁምጣው፣ ካልሲው፣ ቱታውና የዝናብ ጃኬቱ እዚያ ውስጥ ይገባል። ተጫዋቹ ሞልቶ ያስረክበናል፣ እኛ እንጭናለን። ከረጢቶቹ ጎማ ባላቸው ትልልቅ ሳጥኖች ይጫናሉ። አውሮፕላን ላይ የሚፈቀድልን ስድስት ሳጥን ነው፤ ሰባተኛ የለም። አሥራ ስምንት ሰው ለጨዋታ ይለብሳል፣ አሥራ ዘጠነኛው «ምናልባት» ተብሎ አብሮ ይጓዛል። የእሱም ከረጢት መጫን አለበት፤ ደንቡ ነው። ዴቭ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉንም ደንቡንም ለእኔ አስረከበ።

ባለቤቱ በየዓመቱ መጀመሪያ ይሰበስበንና «ስም ያስፈልገናል» ይላል። ስም ማለት አውሮፓ ትልልቅ ሜዳዎች ላይ የተጫወተ፣ ዕድሜው ሠላሳ አራት የደረሰ ሰው ነው። አንዱ መጣ፣ የክለቡን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ፎቶ ተነሳ፣ ወገቤን ብሎ በነሐሴ ተመለሰ። ሌላው «ሰው ሠራሽ ሣር ላይ አልሮጥም» አለ። ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ፣ ወንድሜ? ለእያንዳንዳቸው አዲስ ቁጥር ለጠፍኩ፣ ለእያንዳንዳቸው ላጥኩ።

ሦስተኛው ሩበን ነበር፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የግራ ክንፍ አጥቂ። እሱን ለማማት አፌ አይከፈትም። ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፣ ጉልበቱን በረዶ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል፣ ለእኔም ለጽዳት ሠራተኛዋም በስማችን ሰላምታ ይሰጣል። እሱ በመጣበት ሳምንት ባዶ የነበረው ወንበር ሁሉ ሞላ። ኮከብ መግዛት በደፈናው መጥፎ ነው የሚሉኝን የማልሰማው ለዚህ ነው።

ችግሩ በዚያው በግራ ክንፍ ላይ የራሳችን ልጅ ነበረን። ናሆም ይባላል፣ ሃያ ዓመቱ ነው። እዚሁ ተወልዶ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ፎቆቹ መሃል ያደገ፣ ከክለቡ ታዳጊ ቡድን ደረጃ በደረጃ የወጣ፣ ሃያ ሰባት ቁጥር ለባሽ። አማርኛውን ሁሉ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ «ጋሼ» የምትለዋን ብቻ አይለውጣትም። ልምምድ ላይ ሲያታልል የቆሙት ተከላካዮች ራሳቸው ይስቁ ነበር። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የዘወትር ልብሱን ለብሶ ደጋፊ መሃል ይቀመጣል። ሩበን ከልምምድ በኋላ እያስቀረ የሚያውቀውን ያሳየው ነበር፣ «ይሄ ልጅ መጫወት አለበት» እያለም ለአሰልጣኙ ይናገር ነበር። አሰልጣኙም «ባለቤቱ የከፈለው አንተን ለማየት ነው» ይለዋል።

የናሆም እናት ሰናይት ዳንፎርዝ ላይ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ አገኘችኝ። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ጋሽ ታደሰ፣ እኔ ኳስ አላውቅም። እዚያ ቤት የማውቀው ሰው እርስዎን ብቻ ነው። ልጄን አደራ» አለችኝ። «ኧረ ምን ችግር አለ!» አልኳት። ደረቴን ነፍቼ ነው የወጣሁት።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ ካልሲ መጣና ለናሆም ድርሻውን ሰጠሁት። የቡድን መሪው አየና «ለአገርህ ልጅ አዲስ፣ ለእኛ የተቀደደ!» ብሎ ሳቀ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሁሉ ሳቀ። ለእነሱ ቀልድ ነው። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እዚህ አገር አንድ ሐበሻ ሥራ ሲይዝ ወገኑን ይሰበስባል ሲሉ በስንት ቦታ ሰምቻለሁ! ይሄ በእኔ አይነገርም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሆም በሁሉም ነገር መጨረሻ ሆነ። ታኬታው መጨረሻ ይቦረሻል፣ የተተረተረው የልምምድ ልብስ ለእሱ ይደርሳል። ልጁ ያያል፣ አንድ ቀን እንኳ አልተናገረኝም። እኔም ይሄን ጨዋነት መስሎኝ በራሴ እኮራ ነበር።

መስከረም ላይ ሦስት ጨዋታ ቀረን። የናሆም ውል በዚያው ዓመት ያበቃል። አሰልጣኙ ጠርቶት «ለሚቀጥለው ዓመት የማስቀረው ሜዳ ላይ ያየሁትን ነው። አጋጣሚ ስታገኝ አሳየኝ» አለው። ለቀጣዩ ጉዞ አሥራ ዘጠነኛ ሰው አድርጎ ያዘው። ናሆም ዕቃ ክፍል ድረስ መጥቶ ነገረኝ፤ እግሩ መሬት አይነካም ነበር።

በጉዟችን ቀን ከሰዓት በኋላ ስጭን ሩበን ብቻውን አምስት ማሊያ ሆነበት። ሁለቱ የሚጫወትባቸው ናቸው፣ አንዱ ባለ ረጅም እጅ ነው፣ አንዱ ከባላጋራው አምበል ጋር የሚለዋወጠው ነው፣ አንዱ የባለቤቱ እንግዳ የሚያስፈርመው ነው። ስድስተኛው ሳጥን አልዘጋ አለኝ። በጉልበቴ ወጣሁበት፣ አልዘጋም። መኪናው ደጅ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። አንድ ነገር መውጣት ነበረበት። የአሰልጣኙ ሁለተኛ ካፖርት አለ፣ የቡድን መሪው የግል ጫማ አለ፣ የባለቤቱ እንግዳ ማሊያ አለ። የእነዚህን ባወጣ እጠየቃለሁ። የናሆምን ባወጣ ማንም «አዳላ» አይለኝም። ሃያ ሰባት ቁጥርን ከረጢት መደርደሪያ ላይ ወረወርኩና ክዳኑን ቆለፍኩ።

በማግስቱ ጨዋታው ሊጀመር ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሩበን በማሟሟቂያው ላይ ቆመ። የጭኑን ኋላ ያዘ። ወጌሻው ነካ ነካ አድርጎት ራሱን ነቀነቀ። አሰልጣኙ ዞረና «ናሆም፣ ልበስ! ትጀምራለህ» አለ። ልጁ ሸሚዙን እያወለቀ ወደ እኔ ሮጠ። እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

እንደሌለ እያወቅሁ ሳጥኑን ከፈትኩ። ስድስቱንም ከፈትኩ። አገላበጥኩ፣ በተንኩ። የተጫዋች ማሊያ ደም ሲነካው ለመቀየሪያ የምንይዘው ቁጥር የሌለው ማሊያ ነበረኝና ከወጌሻው ነጭ ፕላስተር ነጥቄ ሁለትና ሰባት ቆርጬ ለጠፍኩበት። ናሆም ከወገቡ በላይ ራቁቱን ቆሞ «ጋሼ፣ ፈጠን በል» ይለኛል። አራተኛው ዳኛ መጣ፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጣቱ ሲነካው ተላጠ። «በዚህ አይገባም» አለ። ሩበን እያነከሰ የራሱን ማሊያ አውልቆ ሰጠው። ዳኛው «ይሄ ቁጥር በሌላ ሰው ስም ነው የተመዘገበው» አለ። ለመንኩት፣ ጮህኩበት። ሰዓቱን አሳየኝ።

አሰልጣኙ የቀኝ ተከላካዩን ወደ ግራ ክንፍ ወሰደው። «የልጁ ዕቃ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከረጢቱ አልመጣም» አልኩት። ማን እንዳስቀረው አልተናገርኩም። ያለ ግብ አቻ ወጣን። ናሆም ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የተመልካቹ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በቀሩት ሁለት ጨዋታዎች አሰልጣኙ ናሆምን በጉዞ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አላስገባውም። ምን ሆኖ ነው ብዬ ልጠይቅ በሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ማሽኑ ፊት ቆሜ ሃያ መቁጠር አቃተኝ። በመጨረሻ የሚቀሩት ሰዎች ስም ተለጠፈ፤ ናሆም የለበትም። ያኔ አሰልጣኙ ቢሮ ገባሁ።

«ልጁን ለምን አስቀረኸው?» አልኩት።

«ታዴ፣ አላየሁትማ። አንድ ቀን ዕድል ብሰጠው ከረጢቱን ረስቶ መጣ። እንደዚህ ያለ ሰው እንዴት ልመን?»

«እሱ አልረሳም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ቦታ ሲጠበኝ አወጣሁት።»

«ያኔ ብትነግረኝ ሁለቱንም ጨዋታ አጫውተው ነበር» አለኝ። «አሁን ባለቤቱ ለዚያው ቦታ ሌላ ስም ገዝቷል። ትናንት ፈርሟል።» ከሥራ አባርረኝ አልኩት። «አንተን ባባርር ለልጁ ምን ይጠቅመዋል?» ብሎ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ቶርንክሊፍ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሰናይት በሩን ከፍታ «ይግቡ» ብትለኝ አልገባሁም፤ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ካልሲውን፣ ሳቁን፣ ሳጥኑን፣ ለአሰልጣኙ ያልኩትን። ለምን እንዳደረግሁትም ነገርኳት። ናሆም ከኋላዋ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። አልጮኸችብኝም።

«ጋሽ ታደሰ፣ አደራ ያልኩዎት እንዲያደሉለት አልነበረም» አለች። «እንዳይረሱት ነበር።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ሊፍቱን መጠበቅ አቅቶኝ አሥራ አራት ፎቅ በእግሬ ወረድኩ።

ናሆም አንድ ዓመት ሌላ ቡድን ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሙያ ተማረና ዛሬ ሊፍት ይጠግናል። ከብዙ ዓመት በኋላ ባቡር ውስጥ አገኘሁት፣ የመሣሪያ ቦርሳ ጭኑ ላይ አድርጎ። ጎኑ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። በደጃቸው ያን ቀን ለእሱ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበርና።

«ጋሼ፣ ድሮ ነው የተውኩት» አለኝ በእንግሊዝኛው። ቀጠለና «ግን ያን ቀን ብገባ ጥሩ እጫወት ነበር። ሰውነቴ ያውቀው ነበር» አለ።

«እኔም አውቅ ነበር» አልኩት። እሱ በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ክለቦች ኮከብ ይግዙ ወይስ የራሳቸውን ልጅ ያሳድጉ እያላችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። እሱን ባለቤቶቹና አሰልጣኞቹ ይጨርሱት። እኔ ለዕቃ ክፍል ሠራተኞች የምናገረው ስለ ራሳችን ሥራ ነው። የአገራችሁ ልጅ ቡድን ውስጥ ካለ፣ እንደ ማንኛውም ተጫዋች ዕቃውን ጫኑለት። «አዳላ» ቢሏችሁ ይበሉ። እኔ ያቺን አንድ ቃል ፈርቼ የሰው ልጅ ያለ ማሊያ አስቀርቻለሁ።