ከጓንዡ አዲስ አበባ፣ አልጠልቅ ካለች ጀንበር ጋር

ዛሬ ሰማይ ላይ፣ ጾመኛው እኔ፣ ቴምር ከንፈሬ ካደረስኩ በኋላ ወደ ኪሴ መለስኩ።

ከባለቤቴ ከዘይነባ ጋር ቻይና ያለውን ልጃችንን ጠይቀን ስንመለስ ነው። ከጓንዡ አዲስ አበባ ከሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ያህል ይበራል።

ዘይነባ "ለመንገደኛ ተፈቅዷል፣ አርፈህ ብላ" ስትለኝ "እኔ እንዳንቺ አላረጀሁም" አልኳት። የእኔንም ትሪ ጨምራ በላችው!

ስልኬ አዛን ሲል "ቢስሚላህ" ብዬ ቴምሩን አነሳሁ። በመስኮት ባይ ጀንበሯ ዓይኔን ልታጠፋው! ለካ ስልኬ የሚነግረኝ የቻይናን መግሪብ፣ የዚያን አገር ጀንበር መጥለቂያ ኖሯል። ወደ ምዕራብ ስንበር ቀኑን አምስት ሰዓት አስረዝመነዋል።

አገራችን ቆቦ ብሆን ተራራው ቶሎ ይሸፍንልኝ ነበር። እዚያ ሰማይ ላይ ምን ተራራ አለ?

"አንተ ጎረምሳ፣ ውረድና ግፋት እንጂ!" አለችኝ ዘይነባ እያኘከች።

ቦሌ ስናርፍ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዘመድ ቤት ጣሪያ ሳይ አመሸሁ። አሁን ግን አፍጥሬያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ሾርባው ገና ከጢሜ አልደረቀም።

ዘይነባ የዛሬውን ሌላ ቀን ጾማ ትከፍላለች። ያን ቀን ቆቦ ላይ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ የፍየል ጎድን ካልጋጥኩ ምን አለ በሉኝ።

እናንተስ፣ ቀን ያስረዘመባችሁ መንገድ ገጥሟችሁ ያውቃል? መንገድ ላይ የበላችሁትም ጻፉ፤ ዘይነባ ብቻዋን አትፈር።