እናኑ ከኡድ ጋር የዘፈነች ጊዜ

ሥራ የጀመርኩት ሙጃ ከተማ፣ አንድ ሠርግ ላይ ነው። ማሲንቆ ያስተማሩኝ አጎቴ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አቁመው፣ «ከመግባትህ በፊት የሙሽራውን አባትና የሽማግሎቹን ስም ጠይቅ» አሉኝ። ጠየቅሁ። ስገባ ግን ፍርሃቱ ሁሉንም አጠፋብኝና የሙሽራውን አባት በጎረቤታቸው ስም አሞገስኳቸው። ሁለቱ ለካ በድንበር ተካሰው ኖሯል። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ አባትየው ብቻ አልሳቁም። አጎቴ ማሲንቆውን ከእጄ ተቀብለው ነገሩን በግጥም አለዘቡት። ስንመለስ መንገድ ላይ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ነገም ሌላ ሠርግ አለ፣ በል ተራመድ» ብቻ አሉኝ።

አገራችን ብርድ ነው። የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ከያዘ ድምፁ ይታፈናል፤ ስለዚህ ከሥራ በፊት ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር መቆየት አለበት። ደጋኑ በሙጫ ይታሻል፤ ካልታሸ ክሩ ላይ ይንሸራተታል። ይህን የምጽፈው ማሲንቆ ለያዛችሁ ታናናሾቼ ስለሆነ እንዲህ ያለውን አልዘልም። ዋናው የምነግራችሁ ግን ስለ ቅናት ነው። ቅናተኛ ሰው ነኝ። ለሌላ አዝማሪ ሲጨበጨብ ያመኛል፤ እስከ ዛሬም አልተሻለኝም።

እናኑን ያገኘኋት እዚሁ ላሊበላ፣ እትዬ አስካለ ጠጅ ቤት ነው። እትዬ አስካለ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ እኔ ማሲንቆ እመታለሁ፣ እናኑ ከበሮ ትመታለች፣ የምትዘፍነው ሌላ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ዘፋኟ ቀረች። እትዬ አስካለ «አንቺ ሞክሪ እስቲ» አሏት፣ እናኑም አምባሰል አወጣች። አሳላፊዎቹ ብርሌ እንደያዙ ቆሙ። በዓመቱ ተጋባን። ከዚያ ወዲህ ሰው «እነ እናኑ» ነው የሚለን። «እነ» የተባልኩት እኔ ነኝ።

በቅርቡ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንዲት ወጣት አስተባባሪ ከአዲስ አበባ መጣች። ቅዳሜና እሑድ ሜዳ ላይ የዘመናዊ ዐረብ ሙዚቃና ውዝዋዜ ፌስቲቫል ይደረጋል፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ሙዚቀኞቹም ከዮርዳኖስ ይመጣሉ አለችን። በከተማችን የሚያልፈውም ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላልና፣ ከገነተ ማርያም ለገበያ የሚመጡት የጥንት ደንበኛዬ አያ ስጦታው፣ «ከየትኛው ዮርዳኖስ? ከእኛው ከሆነ ዛሬ ጠዋት በእግሬ ተሻግሬው መጣሁ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እትዬ አስካለ ግን፣ «ነጻ ከሆነማ እኔ ቤት ማን ሊመጣ ነው?» ብለው ተከፉ።

አስተባባሪዋ አመሻሽ ላይ ተቀምጣ ሰማችን። ስንጨርስ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ በጣም ደስ ይላል። አንዲት የአገሩ ዘፋኝ ከባንዱ ጋር እንድትጫወት ፈልገን ነበር።»

«እንጫወታለና» አልኳት።

«ማለቴ፣ ዘፋኟን ነው። አጃቢ እነሱ ዘንድ አለ።»

«ማሲንቆም አለ?»

«ኡድ አለ ጋሼ።»

ኡድን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፣ በፎቶም አይቼዋለሁ። ሆዱ እንደ ቅል ያበጠ፣ ክረ ብዙ መሣሪያ ነው። የኔ ያለው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ነው። ይህንኑ እያሰብኩ ሰነበትኩ። እናኑ ግን የምትለብሰውን ቀሚስ ነበር የምታስበው።

ዐርብ ልምምድ ሆነ። ማንም ሳይጠራኝ ከበሮዋን ተሸክሜ ሄድኩ። ባለ ኡዱ ናዲር ይባላል፤ ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አጠገቡ ከላፕቶፕ ድምፅ የምታወጣ ሴት፣ እንደ ብርሌ ወገቡ የጠበበ ከበሮ የያዘ ወጣት፣ ነጫጭ ስኒከር ያደረጉ ተወዛዋዦች ነበሩ። ናዲር ኡዱን ካነሳ ጀምሮ ስሕተት እፈልግለት ነበር። ሲቃኝ ቆየና ደስ አለኝ። እናኑ ያለምንም አጃቢ አምባሰል አወጣችለት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማት፣ ሁለት ክሮች አላላ፣ ከዚያ አገኛት።

እኛ ዘንድ ማሲንቆ ዘፋኟን እግር በእግር ይከተላታል። ስትወጣ ይወጣል፣ ስትወርድ ይወርዳል፤ ስትተነፍስ ደግሞ ክፍተቱን ይሞላል። አዝማሪ ዝም ካለ ሰው ጭራው የተበጠሰበት ይመስለዋል። ናዲር እንዲህ አላደረገም። ስትዘፍን እጁን ከክሩ አነሳ። ስትተነፍስም አልነካውም። ትንፋሿን ከጨረሰች በኋላ አንድ ሁለት ድምፅ ጣል አደረገና እንደገና ተዋት።

የሚስቴን ድምፅ ለብቻው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ይህን ያህል ዘመን አጠገቧ ተቀምጬ የራሴን ክር ስሰማ ነበር የኖርኩት። ስንኙ ሊያልቅ ሲል ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ የማያውቃት ሰው ቀድሞኝ ዐወቀው።

ስትጨርስ ናዲር «አብሽሪ» አላት። ይህን ቃል ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አይዞሽ ማለት ነው። ቢያንስ በቋንቋ አይግባቡም ብዬ ተጽናንቼ ነበር። እናኑ ዞር ብላ ሳቀችለት።

ወደ ቤት ስንሄድ «እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ደህና ነው። ትንሽ ይዘገያል።»

«ማን?»

«ሰውየው ነዋ።»

«አይዘገይም። ይጠብቀኛል» አለች።

ቅዳሜ ገበያ ነበርና ሰዉ ከገበያ በቀጥታ ወደ ሜዳው ወጣ። በጉ ያልተሸጠለት በጉን እየጎተተ መጣ። ተወዛዋዦቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሬቱን ሲረግጡ እግራቸው አንድ ነው፤ ትከሻቸው ግን ንቅንቅ አይልም። አጠገቤ የቆመች ሴት፣ «ምነው፣ ትከሻቸውን አሟቸዋል እንዴ?» አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ወዲያው ግን ያቺው ሴት ጭብጨባውን ያዘችላቸው። ቀና ስል እትዬ አስካለ ጠጅ ቤታቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አገልድመው ከፊት ቆመዋል።

«እርስዎም?» አልኳቸው።

«ነጻ ነው አይደል» አሉኝ።

እሑድ ሰዉ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ቤቱ ገብቶ በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። እናኑ መድረክ ላይ ወጣች። ናዲር መጀመሪያ ኡዱን ለብቻው፣ በዝግታ ነካካው። የሚያምረው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰዉ ያን ዝግታ ሲሰማ በገና የሚሰማ መሰለው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ሽማግሎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሜዳው በሙሉ አቀርቅሮ ጸጥ አለ። አንድም እጅ አላጨበጨበም። ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የተጠሉ መሰላቸው። እኔ የአገሬን ሰው ዝምታ ጠንቅቄ ዐውቀዋለሁ፤ ሆኖም ምነው እውነትም በተጠሉ ብዬ ተመኘሁ። እናኑ ግን ገብቷታል። ለናዲር ራሷን ነቀነቀችለትና ዘፈነች።

ስንኙን ሳትጨርስ አያ ስጦታው ሕዝቡን ከፍለው ወደ መድረኩ ሄዱ። ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አገዳቸው።

«አባት፣ መውጣት አይቻልም። ደግሞም ነጻ ነው።»

«ነጻ መሆኑን ሰምቻለሁ ልጄ። ደክሞ የተጫወተ ሰው ግን ባዶ ግንባሩን አይሄድም» አሉና አልፈውት ወጡ። ብራቸውን በምራቃቸው አርሰው ናዲር ግንባር ላይ ለጠፉት። ናዲር ደንግጦ እጁ ክሩ ላይ ቀረ። ተወዛዋዦቹ ስድብ መስሏቸው ብድግ አሉ። እናኑ ዘፈኗን ሳታቋርጥ ሳቀች፤ በሳቁ ውስጥም ዘፈነች። ያኔ ነገሩ ገባቸውና ናዲርም ብሩን ግንባሩ ላይ እንደያዘ ቀጠለ፤ ሌላውም ሰው ሊሸልም ይሰለፍ ጀመር።

ያ የአያ ስጦታው እጅ በስንት ሠርግ የኔን ግንባር ነው የሚያውቀው። ሲወርዱ መንገዳቸው ላይ ቆምኩ።

«አያ ስጦታው፣ ደንበኝነታችን ተረሳ?»

ትንሽ ዐፈሩ መሰለኝ፣ ዐይኔን አላዩኝም። «ምን ላርግ ብለህ ነው» አሉኝ። «እናኑን ዛሬ ገና ሰማኋት።»

ሰኞ ጠዋት አስተባባሪዋ ቤታችን ድረስ መጣች። ባንዱ አዲስ አበባም ይጫወታል፣ እናኑ አብራ እንድትሄድ ፈልገዋል። እናኑ «ላስብበት» አለቻት። ልጅቷ ስትወጣ እኔ ደጋኔን አንስቼ ያለ አስፈላጊነት ማሸት ጀመርኩ።

«መሄድ ካማረሽ ሂጂ» አልኳት።

«ፈቃድ አልጠየቅሁህም። የከፋህን ንገረኝ።»

«ከሱ ጋር ስትዘፍኚ ይበልጣል። ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ እኔም ሰምቻለሁ።»

«የለም፣ ምን ማለትህ ነው?» እንድትለኝ ጠብቄ ነበር። አላለችም።

«ይበልጣል» አለች። «እሱ ትንፋሼን ይተውልኛል። አንተ ትረግጠዋለህ። ይኸው ይህን ያህል ዘመን ሳልተነፍስ ነው የምዘፍን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እኔስ መቼ ዐወቅሁት።»

ሄደች። እንደማትመለስ ብዙ ጊዜ አሰብኩ፤ ማንም እንዲያጽናናኝ ስለማልፈልግ ለማንም አልተናገርኩም። ጠጅ ቤት ብቻዬን እየተቀመጥኩ ዘፈኖቿን በአፌ እያንጎራጎርኩ፣ እሷ የምትተነፍስበት ቦታ ላይ ስደርስ ደጋኑን ማንሳት ሞከርኩ። እጅ የለመደውን አይተውም፤ ክፍተት ባየ ቁጥር ዘው ይላል። እትዬ አስካለ አንድ ቀን ታግሠው ታግሠው፣ «አሁንስ ትጫወታለህ ወይስ ትቆማለህ?» አሉኝ። «ሁለቱንም እየተማርኩ ነው» አልኳቸው።

እናኑ ተመለሰች። ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ ፊቷን ታጥባ፣ በዚያው ምሽት ሥራ ገባን። አምባሰል አወጣች። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ አልቻልኩም፣ ሞላሁት። ሁለተኛው ላይ ደጋኑን አነሳሁ። ትንፋሿ ቤቱ ውስጥ ተሰማ። ዞራ አየችኝና ድምፅዋን ከኔ ጋር አድርሳው ወደማታውቀው ቦታ አወጣችው።

የምታጅቡ ሁሉ፣ ዘፋኛችሁ ስትተነፍስ ደጋናችሁን አንሱ። ሰው ጭራው ተበጠሰ ቢል ይበል። ቅናቱን ግን ይህ አያጠፋውም። እናኑ ለመተንፈስ ዝም ባለች ቁጥር፣ ያን ዝምታ መጀመሪያ የሰጣት ሰው ማን እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ እኔ አይደለሁም።